ሽማግሌዎቹን የቆለፈችው መኪና

መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ መስማት እንዴት እንደሚያሰለች አውቃለሁ። መኪና ሳይኖረኝ ብዙ ዘመን አድምጫለሁ። ስለዚህ ስለ ፍጥነቷም ሆነ ስለ ወንበሯ ምቾት አልነግራችሁም። የምነግራችሁ ስለ በሯ ብቻ ነው፤ እሱንም ስላልተከፈተበት ቀን።

ነዋሪነቴ ቢቸና ነው። ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። መኪናዋ የኤሌክትሪክ ናት። አዲስ አበባ ሲያስረክበኝ ሻጩ፣ «ቁልፉን ኪስህ ይዘህ ስትርቅ ራሷ ትቆለፋለች፤ ስትቀርብ ራሷ ትከፈታለች» አለኝ። ዓባይ በረሃን በሰላም ወርጄ በሰላም ወጣሁና ደጀን ላይ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ገና ትንሽ ራቅ ስል «ጠቅ» ብላ ተቆለፈች። ሻይዬን ጠጥቼ ስመለስ ግን ዝም አለች። ቀረብኩ፣ ራቅሁ፣ እንደገና ቀረብኩ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከመኪና ጋር እስክስታ የሚወርድ ሰው አይተው ስለማያውቁ ወንበራቸውን አዙረው ተመለከቱኝ። ሻጩ ግማሹን እውነት ነግሮኛል ማለት ነው።

ቢቸና ከገባን በኋላም ጠባይዋ አልተስተካከለም። የበሮቿ እጀታ ስትቆለፍ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ስትከፈት ብቅ ይላል። ብቅ የሚለው ግን እሷ ደስ ሲላት ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ዳር አቁሜያት ስመለስ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አጠገቧ ስደርስ እጀታዋን ብቅ አረገችልኝ፤ ታክሲ መስላኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅሁና ቤታቸው አደረስኳቸው። ምን ላርግ፣ ባለቤቲቱ ፈቅዳላቸዋለች።

አዲስ አበባ ወዳለው መካኒክ ስደውል መድኃኒቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አጥፋና አብራት» ይለኛል። የቁልፉን ባትሪ ከሰዓት ጠጋኝ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ለጥቂት ቀን ሰከነች። «ስክሪኑ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የሚለው በቻይንኛ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል አመጣችልኝ። ከመካኒኩና ከጎረቤቴ ማንኛቸው ይበልጥ እንደረዱኝ እስካሁን አላወቅሁም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ሽማግሌ ጭኜባት ሞጣ የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል የእንስሳት ሐኪም ነው። በሬ ሲያክም ያላየሁበትን ፍርሃት ያየሁበት ማስተዋል የምትባል የሞጣ ልጅ ከወደደ ወዲህ ነው። አባቷ ጋሽ አንማው ሞጣ ውስጥ የተከበሩ፣ ቃላቸውን በቁጥቁጥ የሚያወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሽማግሌ የላክን ጊዜ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ ሽማግሌዎቻችን ደጃቸው የደረሱት ወደ ማምሻው ላይ ነበር። ጋሽ አንማው፣ «ለቁም ነገር የሚመጣ ሰው ቀደም ብሎ ነው የሚመጣ። እስቲ እናስብበት» ብለው መለሷቸው። ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡና በቤታቸው የቆየውን ሥርዓት ነገሯቸው፦ መልሱ የሚሰጠው ደጅ ላይ ነው። እሺ ካሉ በራሳቸው አንደበት «ግቡ» ይላሉ። እምቢ ካሉ እዚያው አመስግነው ይሸኛሉ። ከገቡ፣ ከቀመሱ በኋላ እምቢ ማለት ለሰጪም ለተቀባይም ነውር ነው አሉ። ሦስተኛ ቀጠሮ ግን የለም።

ይበልጣል ይህን ሲሰማ እህል አስጠላው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ደረቴን ነፍቼ፣ «ሽማግሌ በሚኒባስ አይላክም፤ እኔ አለሁ አይደል!» ያልኩት። ዝም ብል ምን ነበረበት?

ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት እንዲሉ ሽማግሌዎቹን የመረጥናቸው ተጨንቀን ነው። የቡድኑ መሪ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ፣ ቢቸና ጨርቅ የሚነግዱ፣ ትውልዳቸው ግን ሞጣ የሆነ፣ ጋሽ አንማውን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁ። ሦስተኛው ጡረታ የወጡት ዳኛ ደሳለኝ ናቸው፤ ከሁለቱም በዕድሜ ያንሳሉ። እንከን አይወጣላቸውም። ለዚያን ቀን መከራ ሁሉ ምክንያቱም እንከን የሌላቸው መሆናቸው ነው።

እሑድ ማለዳ መኪናዋን እንደ ሙሽራ አጠብኳት። ውኃው ደረቅ ሳይል ተነሣን። ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ሞጣ አቧራውን እየጠጣን ሄድን። ደብረ ወርቅ ላይ ቆም ስንል ሽማግሌዎቹን በር በሩን እየዞርኩ ከፍቼ አወረድኳቸው፣ ከፍቼ አስገባኋቸው። ያን ጊዜ እጀታው እሺ ብሎ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የጠዋቱ እርጥበትና የመንገዱ አቧራ እጀታው ሥር ተገናኝተው ግድግዳ የሚመረግበት ዓይነት ጭቃ ሆነው ነበር። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሞጣ በጣም ቀድመን ገባን። ጋሽ አንማው ደጅ ላይ አቆምኩና፣ «እናንተ ትንሽ ቆዩ፣ በሩን ላንኳኳ» ብዬ ወረድኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ እንዳንኳኳሁ ከኋላዬ «ጠቅ» ሲል ሰማሁ። ጋሽ አንማው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እጅ ነሥቼ ሰላምታ ሰጠሁና ሽማግሌዎቹን ላወርድ ተመለስኩ።

እጀታው የለም። ቁልፉን ስጫን መብራቷ ብልጭ አለ፣ ውስጧ «ጠቅ» አለ፣ እጀታው ግን ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። በሁሉም በር ዞርኩ። በጥፍሬ ፈለቀቅሁ፣ በሳንቲም ፋቅሁ። ትንሽ ቆይታ «ጠቅ» ብላ መልሳ ተቆለፈች። እንደገና ተጫንኩ፤ እንደገና ተከፈተች፤ እንደገና ተቆለፈች።

ደግነቱ መሪጌታ ማቀዝቀዣ ስለማይወዱ በእሳቸው በኩል ያለው መስኮት አራት ጣት ያህል ክፍት ነበር። በእሱ በኩል፣ «ትንሽ ታገሡኝ» አልኳቸው።

«እንታገሣለን፤ መቼስ ሌላ ምን እንሆናለን» አሉ መሪጌታ።

ጋሽ አንማው ከበሩ አልተነሡም። አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ፣ «ምነው? ሽማግሎቹ አይወርዱም እንዴ?» አሉ።

«በሩ ትንሽ አስቸግሮ ነው፣ ጋሽ አንማው።»

«እህ! እኔ ተቀምጦ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ አላየሁም። የኛ አባቶች ቆመው ነበር የሚጠይቁ፤ ተቀመጡ ቢሏቸውም አይቀመጡ።»

ነገሩ እውነት ነው። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ የእኛዎቹ ግን የአውሮፓ ንጉሥ እንኳ ያልተቀመጠበት በሚመስል ለስላሳ ወንበር ላይ ተንጋለው፣ በመስታወት ውስጥ ሰውየውን ያያሉ። ሰውየው ደግሞ በገዛ ደጃቸው ቆመዋል።

ስልኬ ጮኸ። ይበልጣል ነው።

«ምን አሉ?»

«ገና አልወረዱም።»

«ከየት?»

«ከመኪናው።»

«በናትህ እንዳታበላሽብኝ» ብሎ ዘጋው። ድምፁ ተሰብሯል። ልጁ በዕድሜው ለምኖኝ የሚያውቀው ይህን አንድ ነገር ነው።

መሪጌታ የጋሽ አንማውን ንግግር ሰምተው ኖሮ ክብራቸው ተነካ። «እንቆማለና!» አሉና እዚያው ወንበሩ ላይ ሊቆሙ ተነሡ። ጥምጥማቸው ጣሪያው ጋር ሲደርስ የቀረው ሰውነታቸው ጎበጠ። ጉልበታቸው ታጥፎ፣ አንገታቸው ተቀብሮ፣ በአራት ጣት ክፍተት፣ «እንደምን አደሩ አቶ አንማው፤ ቆመን ልንለምንዎ መጥተናል» አሉ።

ጋሽ አንማው ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። «መሪጌታ፣ ይሄ መቆም ነው?»

ከኋላ ወንበር ዳኛ ደሳለኝ ጣታቸውን አነሡ። «መቀመጫው ከወንበሩ ከተነሣ ቆሟል ሊባል ይችላል። ክርክር ግን አያጣም።»

«እኔ ክርክር አልፈልግም» አሉ ጋሽ አንማው። «የቆመ ሰው ይምጣልኝ፣ መልሴን እሰጣለሁ።»

በዚህ መካከል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ቆም ቆም ማለት ጀመረ። አንዱ፣ «ምን አጥፍተው ነው የታሰሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው መስታወቱ እንዲሰበር መከረና ድንጋይ ይፈልግ ጀመር። ጋሽ አንማው በከዘራቸው ከለከሉት። «የልጅ ነገር በተያዘበት ቀን በደጄ መስታወት አይሰበርም፤ ገዱ አያምርም» አሉ። መስታወቴን ስላዳኑልኝ እምቢ ቢሉንም ቅር እንደማይለኝ የተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ አለፈልኝ።

መካኒኩ ዘንድ ደወልኩ። «አጥፋና አብራት» አለ።

«ማጥፊያው ውስጥ ነው፤ እኔ ውጭ ነኝ።»

«ከውጭ ካልሆነ ከውስጥ ይክፈቱታ። ስትከፍተው እነሱ በበሩ የውስጥ ጎን ያለችውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ማን ሞክሯት እምቢ አለች?»

ማንም ሲሞክራት አላየሁም። ስልኩን ዘግቼ፣ በየበራቸው ያለችውን ቁልፍ እንዲጫኑ በመስኮቱ ነግሬ፣ መኪናዋን ከፈትኩና ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ጣድኩ።

«ጠቅ» አለ።

«ሐጂ፣ በሉ ይውረዱ» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ መሪጌታ፣ እርስዎ እያሉ! የመጣነው በእርስዎ መሪነት ነው።»

«የለም የለም። አገሩ የእርስዎ ነው። የአገሩ ሰው ሳይቀድም እንግዳ አይረግጥም።»

«ወላሂ አይሆንም። እርስዎ ሳይወርዱ እግሬ መሬት አይነካም።»

«ዳኛ፣ አንተስ?»

«ሁለት ታላላቆቼ ተቀምጠው እኔ ልውረድ? ምን በደልኳችሁ?»

«በሞቴ ሐጂ!»

«እኔ ልሙት መሪጌታ፣ ይቅደሙ!»

«ጠቅ» አለ። ተቆለፈ።

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ከፍተዋት በር የሚከፍት ካጣች፣ ሌባ እንዳይገባ ብላ ራሷን መልሳ ትቆልፋለች። የሠሯት ሰዎች አንድ ሰው ከመኪና ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አጥንተው ይሆናል፤ ጥናታቸውን ግን ምሥራቅ ጎጃም ድረስ አላመጡትም። በዚያ ላይ ሦስቱም በየራሳቸው በር አጠገብ ነው የተቀመጡት። አንድ ጠባብ ደጅ ላይ የተጋፉ ይመስል ነው የሚገባበዙት።

ነገሩን በመስኮቱ አስረዳኋቸው። «መኪናዋ ቶሎ ካልወረዳችሁ መልሳ ትቆልፋለች። ማንም ይሁን ማን፣ አንዳችሁ ውረዱ።»

«ለመኪና ብለን ወግ እናፍርስ?» አሉ መሪጌታ። «ያውም አማች ፊት! አቶ አንማው ቆመው እያዩ ሐጂን ገፍቼ ብወርድ ምን ይሉናል? የማይከባበሩ ናቸው አይሉም?»

በዚህ ላይ መከራከር አልቻልኩም። ጋሽ አንማው እንደዚያ ከማለት አይመለሱም።

«እንግዲያውስ ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ ውረዱ» አልኩ። ይህንን ዳኛ ደሳለኝ ፍትሐዊ ነው ብለው ደገፉት። ጣቶቻቸውን በየቁልፋቸው ላይ አደረጉ። ቁልፉን ተጫንኩና፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አልኩ። መሪጌታ ሐጂ እስኪጀምሩ ጠበቁ። ሐጂ መሪጌታ እስኪጀምሩ ጠበቁ። ዳኛው ሁለቱንም ጠበቁ። «ጠቅ» አለ።

ጋሽ አንማው ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የሚያዝዛቸው ሰው ቢኖር ኖሮ እኮ ያበቃ ነበር። እኔ ለእነሱ እንደ ልጅ ነኝ፤ እኔን ማን ይሰማል? እንግዳን ማዘዝ የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ «ሐጂ ይቅደሙ» ካሉ መሪጌታም ይሁኑ ዳኛው ቃል አይተነፍሱም። ባለቤቱ ግን እንዲህ ካሉ እንግድነታችንን ተቀበሉ ማለት ነው፤ እንግድነታችንን ከተቀበሉ ደግሞ ልጅቱን ሰጡ ማለት ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቀና ስል ከጋሽ አንማው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸውም እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሰው ኖሯል። ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ።

በዚህ መካከል ከገበያው በኩል የቀትር አዛን ተሰማ።

ሐጂ ሰይድ ሰዓታቸውን አዩና እጃቸውን ጭናቸው ላይ መልሰው አስቀመጡ፣ ዓይናቸውንም ወደ ታች አደረጉ። መሪጌታም መጋበዛቸውን ተዉት። ሐጂ ስንት ቀጠሮ፣ ስንት የገበያ ቀን በሶላት ምክንያት ሲያቋርጡ አውቃቸዋለሁ። ለወንድሜ ሲሉ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተቀምጠዋል። አፈርኩ፤ አንገቴን ሰብሬ ቆምኩ።

ጋሽ አንማው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ሐጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«እዚያው ሆነው አይሆንም?»

«ያልቻለ ሰው ተቀምጦም ይሰግዳል። ትጥበት ግን የለኝም፤ ውኃ የለም እዚህ። ግድ የለም አንማው፣ አላህ ያያል። አንተ አትቸገር።»

ጋሽ አንማው ወደ ግቢያቸው ዞሩ። ከበሩ ጀርባ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይታያል። እንደገና ወደ ሐጂ ዞሩ። ፊታቸው ቀላ።

«ሰይድ» አሉ፣ ሐጂ የሚለውን ትተው። «አባትህና አባቴ በዚህ ደጅ ስንቱን አሳለፉ። ውኃ በቤቴ ሞልቶ አንተን በደጄ ሶላት ሊያልፍህ? ግቡ! በቃ ግቡ! አንተ ልጅ፣ ክፈተው! መጀመሪያ ሐጂ፣ ቀጥሎ መሪጌታ፣ ከዚያ ዳኛው! ይግቡ የምልዎት፣ ሐጂ!»

ቁልፉን ተጫንኩ። ሐጂ ሰይድ ጣታቸውን አሳረፉ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወረዱ። መሪጌታ ተከተሉ። ዳኛው ተከተሉ። መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሐጂ ውኃው ወዳለበት ግቢ ገቡ። ያሉት ነገር ለጋሽ አንማው ራሳቸው የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተክለው ቆሙ። መሪጌታ ወገባቸውን አቀኑ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ፊት ለፊታቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። «አቶ አንማው፣ ይኸው ቆመናል» አሉ።

ጋሽ አንማው ወደ ግቢው ዞር አሉ። ባለቤታቸው ጀሪካኑን አጋድለው ያፈሳሉ፣ ሐጂ ሰይድ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይታጠባሉ።

«እንግዲህ ሐጂ ገብተዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ቀረ? ግቡ።»

ያን ቀን ሊሉ የነበረው እሺ ይሁን እምቢ እስከ ዛሬ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም።

ሁሉም ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ። የመሪጌታን በር በእጄ ይዣለሁ፤ ከለቀቅሁት ትቆለፋለች፣ ከተቆለፈች ማታ በምን እንመለሳለን? ስልኬ ሲጮኽ በሩን በዳሌዬ ደግፌ አነሣሁት።

«ምን አሉ?» አለ ይበልጣል።

ልመልስለት ስል ከቤት ውስጥ እልልታው ፈነዳ። ስልኩን ወደ ግቢው አዞርኩና ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። እጄ እስኪዝል ያዝኩለት። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የሚሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ነው። ወንድሜ ያለቅሳል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አንተ ለምን ውስጥ የለህም?» አለኝ።

«በር ይዤ ቆሜያለሁ» አልኩት። ለካ ከተላክነው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የለመንኩ እኔ ብቻ ነኝ።

የማስተዋል እናት እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደራረቁ ወጡ። «አንተ፣ ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!»

«እማማ፣ ይችን ከለቀቅኋት ትቆለፍብኛለች።»

«ትቆለፋ!» አሉኝ። «ዛሬ ከዚህ ቤት ማን ሊሄድ?»

በሩን ለቀቅሁት። ከኋላዬ «ጠቅ» ሲል ዞሬ አላየሁም።